ፓሪስ ልውሰዳት ወይስ እውነቱን ልንገራት?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣልን ከሩቅ ነው፤ ከስኮትላንድ ዋና ከተማ ከኤድንበርግ። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ አጥብቆ ለምኖናል፤ እኛም ቃላችንን እንጠብቃለን። ረዘም ስለሚል አሳጥረን እናቅርበው።

«ዕድሜዬ 29 ነው። እዚህ አገር ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ሌሊት ነው። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች አምስት ወር ሆናት። እስካሁን ያየችው የምንኖርበትን ክፍልና ሱፐርማርኬቱን ነው። በቀደም የጓደኛዬ ሚስት ፓሪስ የተነሳችውን ፎቶ አሳየቻት። ከዚያ ወዲህ ዝም ብላለች። ዝምታዋ ደግሞ ከንግግር ይብሳል። አንድ ቀን ብቻ ‹ውጭ አገር ማለት ይሄ ነው?› አለችኝ። እኔ ለሠርጋችን የተበደርኩትን ገንዘብ ገና ከፍዬ አልጨረስኩም፤ እሷ ይህን አታውቅም። አሁን አንድ ጓደኛዬ 800 ፓውንድ ላበድርህ ብሎኛል። ተበድሬ ፓሪስ ልውሰዳት? በእጄ ያለው አንዲት አሮጌ መኪናና የእሁድ ዕረፍቴ ብቻ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድማችን፣ መልሳችን አጭር ነው፤ አትበደር! የፓሪሱ ጉዞ በሦስት ቀን ያልቃል፤ ዕዳው ግን አብሯችሁ ተመልሶ ቤት ይገባል። ደግሞስ ደብዳቤህን መልሰህ አንብበው እስቲ። ባለቤትህ «ፓሪስ ውሰደኝ» አላለችህም። ያለችህ «ውጭ አገር ማለት ይሄ ነው?» ነው። ሌሊት ትሠራለህ፣ ቀን ትተኛለህ። እሷስ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ነው የምታወራው? የጎደላት የኤፍል ማማ ሳይሆን አንተ ልትሆን ትችላለህ።

«መኪናና እሁድ ብቻ» ያልከውን አትናቀው። ከደጅህ ተነስቶ ፋይፍ በሚባለው አውራጃ የባሕር ዳርቻ እስከ ሴንት አንድሩስ የሚያደርስ መንገድ አለ። በዳርቻው ሄደህ በመሀል አገር ስትመለስ ደርሶ መልሱ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናህ አሮጌ ናትና 15 ሊትር ቤንዚን ያዝላት፤ የማደያውን ዋጋ በ15 ስታባዛው የጉዞህ ትልቁ ወጪ እሱ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነሱ። መጀመሪያ የምትሻገሩት እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተውን የኩዊንስፌሪ ድልድይ ነው። ርዝመቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ወንዝ ድልድዮች ላይ ይከፈል የነበረው የመሻገሪያ ገንዘብ በ2008 ቀርቷል፤ ስለዚህ አምስት ሳንቲም አትከፍሉም። በስተቀኝ ቀይ የባቡር ድልድይ ይታያችኋል። በ1890 የተሠራ ነው፤ ዩኔስኮም በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሰው ይህን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል፤ እናንተ ግን ጎረቤቶቹ ናችሁ!

ከዚያ ባሕሩን በቀኝ ይዛችሁ ከርኮዲ የምትባል ከተማ ትደርሳላችሁ። የኢኮኖሚክስ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ በ1723 የተወለደው እዚህ ነው። ስለ ሀገሮች ሀብት የጻፈው ዝነኛ መጽሐፉ በ1776 ታትሟል። የገንዘብ ነገር ላስጨነቀው ሰው ጥሩ የወሬ መጀመሪያ ነው፤ ለባለቤትህ ስቀህ ንገራት።

ቀጥሎ ከዋናው መንገድ ትንሽ ወረድ ብትሉ ሎወር ላርጎ የምትባል መንደር አለች። አንድ ቤት ግድግዳ ላይ አሌክሳንደር ሰልከርክ የሚባል መርከበኛ ሐውልት ቆሟል። እዚሁ በ1676 የተወለደ ሰው ነው። ከ1704 እስከ 1709 ሰው በሌለበት ደሴት ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ኖሯል። ብዙዎች የሮቢንሰን ክሩሶ ታሪክ መነሻ እሱ ነው ይላሉ። እዚያ ቆም በሉና ባለቤትህን «አምስቱ ወር እንዴት ነበር?» ብለህ ጠይቃት። ከዚያ አፍህን ዘግተህ ስማት።

የጉዞው እምብርት ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኢሊ፣ ሴንት ሞናንስ፣ ፒተንዊም፣ አንስትራዘርና ክሬይል የሚባሉ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ተከታትለው ይመጣሉ። በኢሊ ጥርት ያለ አሸዋና ከባሕሩ አፋፍ ላይ የቆመ የድሮ ማማ አለ። እዚያው ገደሉ ላይ ሰንሰለት ይዘው የሚሄዱበት መንገድ ስላለ ጎበዝ ነኝ ብለህ እንዳትሞክረው፤ ባሕሩ ሸሽቶ የነበረው ሲመለስ መውጫ ያሳጣል። በሴንት ሞናንስ ከባሕሩ ጫፍ ላይ የተሠራ፣ ከ600 ዓመት በላይ የሆነው ቤተ ክርስቲያን አለ። ክሬይል ደግሞ ቀይ የሸክላ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ትንሽ ወደብ ከበው የቆሙባት ናት። ወደ ወደቡ የሚወርደው መንገድ ጠባብና ቁልቁል ነው፤ መኪናዋን ላይ አቁማችሁ በእግር ውረዱ። ይህን ሁሉ ከውጭ ለማየት ትኬት አያስፈልግም።

ምሳስ? ቁርሳችሁንና ሻያችሁን ከቤት በምሳ ዕቃና በፔርሙስ ያዙ። ምሳ ግን አንስትራዘር ላይ ይሁን፤ ከተማዋ በዓሣ ጥብስ የታወቀች ናት። ድርሻው ብዙ ስለሆነ አንድ አዝዛችሁ ወደቡ ላይ ተቀምጣችሁ ተካፈሉ። በአንድ ሳህን መብላት ለእኛ ምኑ ያሳፍራል? ጉርሻም አለ! አንድ ነገር ብቻ፤ ጾም ላይ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በስኮትላንድ ዓሣውንም ድንቹንም በከብት ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ። እጃችሁ ላይ ያለውንም ጠብቁ፤ የወደብ ወፎች ቀማኞች ናቸው።

መጨረሻችሁ ሴንት አንድሩስ ነው። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1413 ነው። የፈረሰው ካቴድራል ግድግዳ ከሩቅ ይታያል። እሁድ መሆኑም ለእናንተ በጀ፤ በዓለም የታወቀው የድሮው የጎልፍ ሜዳ አብዛኛውን እሁድ ለጨዋታ ዝግ ስለሆነ ሕዝብ ይንሸራሸርበታል። ከሜዳው አጠገብ ዌስት ሳንድስ የሚባል ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አሸዋ አለ። በ1981 የወጣው «ቻሪዮትስ ኦፍ ፋየር» ፊልም መክፈቻ ላይ ሯጮቹ በባዶ እግር የሚሮጡት እዚህ ነው። የሯጭ አገር ልጆች ናችሁና ጫማችሁን አውልቃችሁ ሞክሩት!

ዕዳውን የምትነግራት እዚህ አሸዋ ላይ ነው። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይቀላል። አትሸፋፍን። «ይህን ያህል ተበደርኩ፣ ይህን ያህል ቀረኝ፣ በወር ይህን እየከፈልኩ በዚህ ጊዜ ያልቃል» በላት። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈህ ብትይዝ ይሻላል። ልትቆጣ ትችላለች፤ የምትቆጣው ግን በገንዘቡ ሳይሆን ስለደበቅካት ነው። ያንን ደግሞ ዛሬ ካልሰማች ነገ ከጓደኛህ አፍ ትሰማዋለች። ያኔ ፓሪስም አያስታርቃችሁ።

ስለ አየሩ ሁለት ቃል። በፀደይና በበጋ ከባሕሩ ድንገት ጉም ሊነሳና ሁሉን ሊሸፍን ይችላል፤ የአገሩ ሰው «ሃር» ይለዋል። ካጋጠማችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ መሀል አገር ግቡ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ፀሐይ ነው። በሰኔ ጀምበር የምትጠልቀው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በታኅሣሥ ግን ቀን 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። በክረምታቸው ከሆነ ሦስት መንደር ይበቃችኋል። ታኮ ጫማ ቤት ይቅር፤ ጋቢ ግን አትርሱ፤ ነፋሱ አይጣል ነው።

ወንድማችን፣ ስትመለሱ ፎቶ አንስታችሁ ለዚያች ለጓደኛህ ሚስት አሳዩአት አንልህም። ባለቤትህ ማታ ቤት ገብታ «የሚቀጥለው እሁድስ ወዴት ነው?» ካለችህ ግን ለእኛ ጻፍልን።

ለሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!