ጨጓራ ነው ብላችሁ አትተኙ

ዕድሜያቸው አርባና አምሳን የተሻገረ እናቶቻችን ከወገብ በላይ ሲያማቸው መጀመሪያ የሚከሰሰው ጨጓራ ነው። ቀጥሎ ብርድ፣ ከዚያም ንዴት። ልብ የሚጠረጠረው ሁሉም ተሞክሮ ሲያልቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ሰዓት ባክኗል።

ሃርት አታክ ማለት ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ደም ያጣው ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። በሴትም በወንድም ዋናው ምልክት ደረትን ተጭኖ የሚይዝ ሕመም ነው። ሴቶች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የአገጭ፣ የጀርባ ወይም የክንድ ሕመም፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ድካም ይጨመርበታል። አንዳንዴም ደረት ጭራሽ ላያም ይችላል። ለዚህ ነው ተልባ ተበጥብጦ፣ ዝንጅብል ተፈልቶ፣ «ትንሽ ልተኛበት» የሚባለው።

ልደታ ማርያም አካባቢ ሊፍት በሌላቸው ኮንዶሚኒየሞች ደረጃ ላይ ይህን በዓይኔ አያለሁ። አንዲት እናት ከገበያ መጥታ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ፌስታሏን ታስቀምጣለች፤ የደረጃውን ብረት ይዛ አገጯን ታሻለች። ትንሽ ቆይታ ሲለቃት ትቀጥላለች። «እትዬ፣ ምነው?» ሲሏት «ጨጓራዬ ነው ልጄ» ትላለች። ደረጃ ሲወጡ መጥቶ ሲያርፉ የሚለቅ ሕመም ግን ልብን ሊያስጠረጥር ይገባል። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

በተለይ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ካለ፣ ሥጋቱ ይጨምራል። ወር በገባ በ1 ለልደታ፣ ይልቁንም ግንቦት 1 ቀን፣ ባዶ ሆዳቸውን ቅዳሴ ቆመው ላብ ላብ የሚላቸውን እናቶች ሳይ ልቤ ይፈራል። ጾም ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጠበል የምታቀምሷቸው ልጆች፣ እባካችሁ ሐኪም ቤቱንም አትርሱ፤ ጥቁር አንበሳም ባልቻም እዚያው ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው።

ዐርፈው እያሉ ሕመሙ ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸውና ላብ ካጠመቃቸው፣ መጠበቅ የለም። በእግር ደረጃ አታውርዷቸው። አምቡላንስ በ907 ወይም በ939 ጥሩ፤ የሚዘገይ ከሆነ በቅርብ የተገኘው መኪና ይዟቸው ይሂድ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ «ጨጓራ ያማታል» ብላችሁ አትጀምሩ። መቼ እንደጀመረ፣ የት እንደሚያም፣ ምን ሲሠሩ እንደመጣ ተናገሩ። ኢሲጂ ይነሣ በሉ፤ ደቂቃዎች ብቻ የሚወስድ የልብ ምርመራ ነው። የመጀመሪያው ደህና ቢመስልና ሕመሙ ባይለቅ ይደገም፣ የደም ምርመራም ይታከልበት ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።