የሰው አካውንት፣ የራሳችን ላብ

አሠሪው ለንደን ወይም ኒውዮርክ ነው፤ ሠራተኛው አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ዱባይ ወይም በርሊን። ኮድ የሚጽፉ፣ ዲዛይን የሚሠሩ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ በአካል አይተውት የማያውቁትን ደንበኛ በቻት የሚያስተናግዱ ወጣቶች ሲገናኙ ወሬው ብዙም ሳይቆይ ወደ አንድ ጥያቄ ይዞራል፦ “ገንዘቡን በምን ነው የምትቀበለው?”

ደጋግሜ የምሰማው መልስ ይሄ ነው፦ “አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ አካውንት አላት።” አንዳንዱ ደግሞ አካውንት ይከራያል። ከሚገባው ገንዘብ ላይ ለባለቤቱ ድርሻውን ይሰጣል፣ ቀሪውን በብር ይቀበላል።

ለዚህ አሠራር ምክንያት ነበረው። ፔይፓል ለዓመታት ከኢትዮጵያ ሆኖ መክፈልን እንጂ መቀበልን አልፈቀደም። ስትራይፕም እዚህ አገር አይሠራም። በባንክ የመጣው ዶላር ደግሞ በመንግሥት ተመን ተመንዝሮ ብር ሆኖ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ሰው መንገድ ፈለገ፤ አልፈርድበትም። ዛሬ ግን ሒሳቡ ተቀይሯል። “የትኛው አፕ ይሻላል?” ከማለታችን በፊት “ገንዘቤ በማን ስም፣ በየትኛው አገር ሕግ ሥር ተቀምጧል?” ብለን መጠየቅ አለብን የምለውም ለዚህ ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ

በሰው አካውንት መቀበል ርካሽ ይመስላል። ዋጋው የሚታወቀው ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ፣ ገንዘቡ በሕግ ዓይን የእሷ ነው። የአክስት ልጅ ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለች። ጥሩ ሰውም ግን ይታመማል፣ ይፋታል፣ ዕዳ ይገባል፣ ይሞታል። ያን ጊዜ ባንኩ የሚያውቀው ስሟን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ እሷንም ታስቸግሯታላችሁ። በአካውንቷ የገባው ክፍያ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት እንደ እሷ ገቢ ሊታይ ይችላል። የመኖሪያ ቤት ወይም የጤና ድጋፍ የምታገኝ ከሆነ “ይሄ ገንዘብ ከየት መጣ?” የሚል ጥያቄ ይከተላል። የክፍያ ድርጅቶቹም አካውንትን ለሌላ ሰው መስጠት በውላቸው ይከለክላሉ። ሥራው የሚሠራው ከአዲስ አበባ፣ ባለቤቷ የምትገባው ከቨርጂኒያ መሆኑ ሲታይ አካውንቱ ገንዘቡን እንደያዘ ይታገዳል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ለእኔ ግን ትልቁ እሱ ነው። በሰው ስም የገባ ገንዘብ ለእናንተ ታሪክ አይሠራም። የዱባይ የርቀት ሠራተኛ ቪዛ በወር ቢያንስ 3,500 ዶላር ገቢ ማሳየት ይጠይቃል፤ ማስረጃው ውልና የባንክ ስቴትመንት ነው። የአውሮፓ ኤምባሲዎችም ስቴትመንት ያያሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዶላር ሠርቶ በራሱ ስም አንድ ገጽ ስቴትመንት የሌለው ሰው፣ ቪዛ ሰጪው ፊት ሥራ እንደሌለው ሰው ነው የሚቆመው።

በሩ ተከፍቷል

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱን ሲለውጥ ሁላችንም ያወራነው ስለ ብር መውረድ ነበር። በአንድ ቀን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ብዙ ሳይቆይም 100 ብርን አለፈ። በዚያው ማሻሻያ ውስጥ የነበረው ሌላ አንቀጽ ግን ብዙም አልተወራለትም። አገር ውስጥ የሚኖሩ፣ ከውጭ ደመወዝ፣ ሐዋላ ወይም ሌላ የውጭ ምንዛሪ ገቢ የሚያገኙ ግለሰቦች በንግድ ባንኮች የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲከፍቱ ተፈቀደ። ከዚያ ሂሳብ ላይ ለውጭ አገልግሎት መክፈልም ይቻላል።

ይሄ ለርቀት ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት የዶላር ሂሳብ ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ዲያስፖራውና ላኪው ነበር። አሁን ከውጭ ድርጅት ጋር ውል ያለው ልጅ ውሉን ይዞ ወደ ባንክ መግባት ይችላል።

ታዲያ ሁሉም ባንክ አንድ አይደለም። መስኮቱ ጋ ስትደርሱ እነዚህን ጠይቁ፦ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ከውጭ ሲገባ ስንት ትቆርጣላችሁ? ገንዘቡ ሳልጠይቅ ወደ ብር ይቀየራል ወይስ በዶላር ይቆያል? ከሂሳቡ ጋር የተያያዘ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ አለ? ካርዱ ኦንላይን ይከፍላል? ውጭ አገር ስሆንስ? መልሱን በቃል ብቻ አትቀበሉ፤ የታሪፍ ወረቀቱን ጠይቁ። ቅርንጫፉ የማያውቀው ከሆነ ዋናው መሥሪያ ቤት ያውቀዋል።

ሦስት ሥራ፣ ሦስት ሂሳብ

ውጭ እየኖረ በርቀት ለሚሠራ ሰው “አንድ ምርጥ ባንክ” የሚባል ነገር የለም። ገንዘብ ሦስት ሥራ አለው፦ መቀበል፣ መኖርና ማስቀመጥ። ሦስቱን ለአንድ ሂሳብ ያሸከመ ሰው ያ ሂሳብ የታገደ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል።

የመቀበያ ሂሳብ ከፋዩ በሚከፍልበት ገንዘብ ቢሆን ይመረጣል። አሠሪው በዩሮ ከከፈለ የዩሮ፣ በዶላር ከከፈለ የዶላር። እንደ ዋይዝና ፔይዮኒር ያሉ ድርጅቶች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን የምታገኙትን አገልግሎት የሚወስነው የምትኖሩበት አገር ነው፤ አፑ ስልካችሁ ላይ ስለተጫነ ብቻ ሁሉም ነገር አይከፈትላችሁም።

የመኖሪያ ሂሳብ የምትኖሩበት አገር ሂሳብ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ሱቁም ትራንስፖርቱም የሚከፈለው በኤምፔሳ ነው፤ የውጭ አገር ሰው በፓስፖርቱ ይመዘገባል። ዱባይ ግን ሌላ ነው። ባንኮቹ የኤምሬትስ መታወቂያ ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቹም የተወሰነ ደመወዝ ወይም ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ ይጠይቃሉ። እዚያው አሠሪ የሌለው ሰው ውሉንና የገቢ ታሪኩን ይዞ መቅረብ አለበት።

አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ ሁለት መብት ልንገራችሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ማንኛውም ሰው፣ ጥገኝነት ጠያቂም ጭምር፣ መሠረታዊ የባንክ ሂሳብ የማግኘት መብት አለው። “ቋሚ አድራሻ የለህም” ብሎ ብቻ መመለስ አይቻልም። ሌላው፣ በዩሮ የሚከፍል አሠሪ ሂሳባችሁ የሌላ አባል አገር ስለሆነ ብቻ እምቢ ማለት አይፈቀድለትም። የሊትዌኒያ ቁጥር ያለው ሂሳብ ጀርመን ውስጥ ደመወዝ መቀበል አለበት።

ሦስተኛው የማስቀመጫ ሂሳብ ነው። ይሄ የዕለት ካርድ የማይነካው፣ በእውነተኛ ባንክ የሚቀመጥ፣ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ የሚይዝ መሆን አለበት።

ካርዱ የማን ነው? ገንዘቡስ?

“እውነተኛ ባንክ” ያልኩት እንዲሁ አይደለም። ሰኔ 2020 (እ.ኤ.አ.) ዋየርካርድ የተባለው የጀርመን ኩባንያ መዝገቡ ላይ ያለው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ በእርግጥ የለም ተብሎ ወደቀ። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪም የኩባንያውን የእንግሊዝ ቅርንጫፍ ለቀናት አገደ። በየአገሩ ያሉ ፍሪላንሰሮች የፔይዮኒር ካርዳቸው አልሠራም ያላቸው ያን ጊዜ ነው፤ ካርዱን ያወጣው ያ ቅርንጫፍ ነበርና። ብዙዎቹ የዋየርካርድን ስም ሰምተው አያውቁም። ገንዘቡ ተለይቶ ተቀምጦ ስለነበር ተመለሰ፤ ኪራይ የሚከፈልበት ሳምንት ለነበረ ሰው ግን “ይመለሳል” መባሉ አይበቃም።

በ2024 አሜሪካ ውስጥ የሆነው ከዚያ ይብሳል። ሲናፕስ የተባለው ድርጅት በፋይናንስ አፖችና በባንኮች መካከል ሆኖ መዝገብ የሚይዝ ነበር። ሲከስር የእሱ መዝገብና የባንኮቹ መዝገብ አልገጠመም። ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር ጎደለ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች ገንዘባቸውን ማውጣት አቃታቸው። አፖቹ ላይ “ተቀማጩ ዋስትና አለው” የሚል ጽሑፍ ነበር። ዋስትናው ግን የሚሠራው ባንክ ሲወድቅ ነው፤ መሃል ያለው ድርጅት ሲወድቅ አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳይከስር ድርጅቱ ራሱ ይሄዳል። የጀርመኑ ኤን26 በ2020 ከእንግሊዝ፣ በጥር 2022 ከአሜሪካ ወጣ፤ የእነዚያ አገሮች ደንበኞቹ ሂሳብ ተዘጋ።

ስለዚህ አፑን ከማውረዳችሁ በፊት “ይሄ ባንክ ነው ወይስ የክፍያ ድርጅት?” በሉ። ባንክ ከሆነ በአውሮፓ ኅብረት እስከ 100,000 ዩሮ፣ በአሜሪካ እስከ 250,000 ዶላር በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ መድን አለው። በአገራችንም የተቀማጭ መድን ፈንድ አለ፤ ሽፋኑ እስከ 100,000 ብር ነው። በዛሬ ተመን ይሄ ከ1,000 ዶላር በታች ስለሆነ፣ የውጭ ምንዛሪ ተቀማጭ እንዴት እንደሚሸፈን ባንኩን ጠይቁ፤ ሁሉንም አንድ ቦታ አትከምሩ።

የማይታየው ቆራጭ

ሰው የሚያየው ኮሚሽኑን ነው። ትልቁ ቆራጭ ግን ተመኑ ውስጥ ይደበቃል።

ለምሳሌ 1,000 ዶላር ተላከ እንበል። መንገድ ላይ ያሉ መካከለኛ ባንኮች 30 ዶላር ወሰዱ፤ 970 ደረሰ። ተቀባዩ ድርጅት ደግሞ ከገበያው ተመን 3 በመቶ ዝቅ አድርጎ መነዘረው። ሌላ 29 ዶላር ሄደ። በወር 59፣ በዓመት ከ700 ዶላር በላይ! ደመወዙ 3,000 ቢሆን የባንኮቹ 30 እዚያው ይቆማል፤ የተመኑ ቅናሽ ግን ወደ 89 ዶላር ያድጋል። “ኮሚሽን የለም” የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ተመኑን ከዕለቱ ገበያ ጋር አስተያዩ።

ዋይዝ ራሱ የተወለደው ከዚህ ንዴት ነው። ለንደን ይኖሩ ከነበሩ ሁለት ኢስቶኒያውያን አንዱ በዩሮ እየተከፈለው ፓውንድ ይፈልጋል፤ ሌላው በፓውንድ እየተከፈለው የአገር ቤት ዕዳውን በዩሮ ይከፍላል። ባንኩን ትተው እርስ በርስ ተለዋወጡ፤ በ2011 ያንኑ ኩባንያ አደረጉት።

ከአሠሪ ጋር ስትዋዋሉ የማስተላለፊያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይግባ። በየሁለት ሳምንቱ ከመቀበል በወር አንዴ መቀበልም የመንገዱን ቆራጭ በግማሽ ይቀንሳል።

ግብሩስ?

ገንዘቡ ውጭ ስለቀረ ግብሩ አይቀርም። በኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሕግ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ባገኘው ገቢ ላይ ግብር አለበት። ባንኮች ሂሳብ ሲከፍቱ “የግብር ነዋሪነትህ የት ነው?” የሚሉትም ለጌጥ አይደለም፤ ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች የሂሳብ መረጃ በራስ ሰር ይለዋወጣሉ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ሆናችሁ አዲስ አበባ ሂሳብ ካላችሁ ደግሞ፣ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሂሳቦቻችሁ ተደምረው በዓመቱ በየትኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ለመውጣት ሻንጣ እያዘጋጀ ላለ ሰው ሦስት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ሲም ካርዱ። የባንኩ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በኢትዮጵያ ስልካችሁ ነው። ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀማችሁበት ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ገንዘባችሁ እያለ በሩ ይቆለፋል። ሮሚንግ መሥራቱን ከመሄዳችሁ በፊት ሞክሩ፤ ባንኩ በኢሜይል ወይም በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይችል እንደሆነም ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ፋይዳ። ባንኮች ይጠይቁታል፤ እዚህ እያላችሁ ተመዝገቡ።

ሦስተኛ፣ ውክልና። ቤተሰብ እንዲያንቀሳቅስላችሁ ከፈለጋችሁ ሂሳቡ በእናንተ ስም ይሁን፤ ለእናት ወይም ለወንድም በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል የተወሰነ ውክልና ስጡ። በእናት ስም ከፍቶ “የእኔ ነው” ከማለት ይሄ ይሻላል። ውጭ ሆናችሁም በኤምባሲ በኩል ይቻላል።

የአክስት ልጅ ውለታ አይረሳም፤ መንገድ ባልነበረ ጊዜ መንገድ ሆናለች። አሁን ግን ቢያንስ አንድ ሂሳብ በራሳችሁ ስም ክፈቱና የሚቀጥለው ክፍያ በእሱ ይግባ። ትንሽ ቢቆረጥበትም ግዴለም፤ ስቴትመንቱ ላይ የሚወጣው ስም የእናንተ ነው።