ጠቡ ሰማይ ላይ፣ ሞቱ ምሰሶ ላይ

የሀገያ ዝናብ የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ከተማዋን ሞያሌን አርሶ ሲያባራ መሬቱ አሸን ያፈላል። ክንፍ ያበቀለው ምስጥ ከየኩይሳው ሲወጣ ለዶሮውም ለቁራውም ድግስ ነው፤ ከካዛክስታንና ከሩሲያ የሣር ሜዳ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጦ ለመጣው የስቴፕ ንስርም እንዲሁ። ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ሊደርስ የሚችል ወፍ እንደ ዶሮ እየተራመደ ምስጥ ሲለቅም ማየት፣ በተረትና በዓርማ ለንስር የሰጠነውን ግርማ ትንሽ ይቀንሰዋል። ብዙ ሳይቆይ ከግራር ጫፍ የተነሣ ነባር ንስር ይወረወርበታል፤ ቁራዎችም ተከትለው ያዋክቡታል። ተመልካች ፍርድ ለመስጠት አይቸገርም፦ «ነባሩ መጤውን እያባረረ ነው»። ይህ ፍርድ ግን ከልኩ ያለፈ ነው። ጠብስ አለ፤ ነገር ግን ንስሮቹን እየጨረሳቸው ያለው እሱ አይደለም።

ነባሩ፣ ሳይንስ አክዊላ ራፓክስ የሚለው ቡላ ንስር፣ ጥንድ ሆኖ በራሱ ቀዬ ይኖራል። ጎጆውን ግራር አናት ላይ ይሠራል፣ ያድናል፣ ጥንብ ይበላል፣ ሲመቸውም የሌላውን ወፍ ምግብ ይነጥቃል። እንግዳው፣ አክዊላ ኒፓለንሲስ፣ በጥቅምትና በኅዳር ይገባና በመጋቢት ግድም ይመለሳል። ሁለቱ ከመመሳሰላቸው የተነሣ እስከ ቅርብ አሥርት ዓመታት ድረስ ብዙ ሊቃውንት አንድ ዝርያ አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር። እንግዳው እዚህ አይዋለድም፣ ጎጆም አይቀልስም። ስለዚህ ነባሩ የሚከላከለው ሰማዩን ሁሉ ሳይሆን ጎጆውንና በዙሪያው ያለውን ማደኛ ነው፤ እንግዳው ራቅ ካለለት ማሳደዱን ይተዋል። ጥንብ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ቀዬ ቦታ ያጣል፤ የራበው የጠገበውን ይገፋል፣ ነጣቂው እንግዳውም ነባሩም ሊሆን ይችላል። አሸን በፈላ ዕለት ማዕዱ ለሁሉ የተረፈ ስለሆነ መጣላቱ ትርፍ የለውም። የቆሰለ ክንፍ ይዞ ካዛክስታን አይደረስምና እንግዳውም ጠብ አይፈልግም።

«በድርቅ ዓመት ግን እንግዳው የነባሩን ምግብ ይሻማል» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ነገር ግን ነገሩ መፈናቀል ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲያንስ ሌላው በበዛ ነበር። የምናየው የሁለቱንም ማነስ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 የስቴፕ ንስርን ለመጥፋት ከተቃረቡት መደበው፤ በ2018 ደግሞ ነባሩን ቡላ ንስር ለአደጋ ከተጋለጡት መካከል አሰፈረው። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው ጅቡቲ ላይ በተደረገ ቆጠራ በባብ ኤል መንደብ በኩል ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ አዳኝ አሞሮች ሲያልፉ ከ70 ሺህ በላይ የሚሆኑት የስቴፕ ንስሮች ነበሩ። ያን የሚያህል መንጋ ሲመጣና ሲሄድ ነባሩ ለዘመናት አብሮ ኖሯል። «መጤ» የሚለውን ቃል ከወፍ ላይ ማንሣት በሞያሌ ሌላም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በማርች 2018 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነፍሳቸውን ለማትረፍ ድንበሩን ተሻግረው ወደ ኬንያ በሸሹባት ከተማ፣ ንስርን ለሰው ጠብ ምስክር አድርጎ መጥራት ለወፉም ለሰውም አይበጅም።

ታዲያ የሚገድለው ምንድን ነው? ዛፍ በሳሳበት አገር ለንስር ከመብራት ምሰሶ የተሻለ ማረፊያ የለም። መካከለኛ ኃይል በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ሽቦዎቹ ይቀራረባሉ፤ ሰፊ ክንፍ ያለው ወፍ ሲያርፍ ወይም ሲነሣ ሁለት ሽቦ፣ አለዚያም አንድ ሽቦና የብረቱን አግዳሚ በአንዴ ከነካ ያበቃለታል። ምሰሶው ነባርና እንግዳ አይለይም። በፖርት ሱዳን አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተተከለ 31 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር እ.ኤ.አ. በ2014 ከአገልግሎት እስኪወጣ ድረስ ቁጥራቸው የበዛ ጥንብ አንሳዎችን ፈጅቷል። የኬንያዋ ሞያሌ ለዓመታት መብራት ያገኘችው ከኢትዮጵያ በሚሻገር መስመር መሆኑን ስናስብ ጉዳዩ የጋራ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው ከወላይታ ሶዶ ሱስዋ የሚደርሰው ትልቁ መስመር ሌላ ነው፤ ሽቦዎቹ ተራርቀው ስለተዘረጉ እዚያ የሚያሰጋው መጋጨት ነው። የኬንያዋ ሞያሌ ባለችበት በማርሳቢት ካውንቲ 365 ተርባይኖች ያሉት የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት።

ከባዱ ተቃውሞ ከአርብቶ አደሩ ይመጣል፦ «ግልገሌን የሚበላ ወፍ ምን ይጠቅመኛል? በድርቁ ከብቴ ሲያልቅ ማን ቆጠረልኝ?» ግልገል የሚወስድ ንስር እንዳለ መካድ አይገባም፤ ግዙፉ ተዋጊ ንስር ይችላል። የስቴፕ ንስር ግን አብዛኛው ምግቡ ምስጥ፣ አንበጣ፣ አይጥና ጥንብ ነው። ለጅብና ለአንበሳ የተመረዘ ሥጋ ሲጣል ቀድሞ የሚሞተውም ይኸው ጥንብ በል ነው፤ በረት ደፋሪው ጅብ ሊተርፍ ይችላል። መብራት ለሚጠብቀው መንደር «ምሰሶው ይቅር» ማለትም ግፍ ነው። ማንም እንዲቀር አላለም። ሽቦውን ከአግዳሚው በታች ማንጠልጠል ወይም በአግዳሚው አጠገብ ያለውን ክፍል መሸፈን በቂ ነው፤ ይህም ገና ሲተከል ቢታሰብበት ኋላ ከመጠገን ይረክሳል። ንስር ሲቃጠል መስመሩም ሊቋረጥ ስለሚችል ጥቅሙ ለወፉ ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የሩሲያ ተመራማሪዎች በንስሮች ላይ ያሰሩት መከታተያ መሣሪያ ከኢራን በላከው አጭር መልእክት ምክንያት የሮሚንግ ሒሳብ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ ከሕዝብ ገንዘብ ለመኑ። ሁለት ሲም ካርድ ይዞ ለሚዞር የሞያሌ ነዋሪ ይህ ወግ ከቀልድ በላይ ይገባዋል። የትኛው ምሰሶ እንደሚገድል ለማወቅ ግን እዚህ ለመነሻ እንዲህ ያለ መሣሪያ አያስፈልግም። ምሰሶ ላይ የሚወጡት ሠራተኞች ከሥሩ የወደቀ ወፍ ሲያገኙ የምሰሶውን ቁጥርና ቀኑን ይመዝግቡ፤ በድንበሩ ማዶ ያሉትም እንዲሁ ያድርጉ፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት የተያዙት ሁለቱ መዝገቦችም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ከዚያ መጀመሪያ የሚሸፈነው የትኛው ምሰሶ እንደሆነ ማንም ያውቀዋል።