የንግድ ይዞታ ከመግዛት በፊት የመሬቱን የብክለት ታሪክ ማጣራት፦ ከሆለታና ከአጎራባች ከተሞች አንጻር

በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙ ከተሞች መጋዘን፣ የንግድ ሕንፃ ወይም የፋብሪካ ቅጥር ግቢ ለመግዛት የሚያስብ ዜጋ ዘወትር የሚያጣራቸው ሦስት ጉዳዮች አሉ። ሻጩ በካርታው ላይ የተመዘገበ ሕጋዊ ባለይዞታ ነው ወይ? ንብረቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነው ወይ? የሊዝና የግብር ክፍያው ተጠናቋል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፍ አራተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱም በቦታው ላይ ከዚህ ቀደም ምን ሲሠራ እንደነበረና በአፈሩም ሆነ በከርሰ ምድር ውኃው ውስጥ ምን እንደቀረ የሚመለከት ነው።

ጥያቄው በአሁኑ ወቅት ክብደት ያገኘው የአካባቢው የመሬት አጠቃቀም በፍጥነት እየተለወጠ በመሆኑ ነው። የኦሮሚያ ክልላዊ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጨምሮ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞችን በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር አሰባስቧል። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሆለታም የአበባ እርሻዎችና የግብርና ምርምር ማዕከል መገኛ ስትሆን ከዋና ከተማዋ ጋር ያላት የንግድ ትስስር እየጠነከረ መጥቷል። ሰበታ ለረጅም ዓመታት የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የመጠጥ ፋብሪካዎች ከተማ ሆና ቆይታለች። ሱሉልታ የታሸገ ውኃ አምራቾች የሚገኙባት ስትሆን፣ በቡራዩ ደግሞ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርበው የገፈርሳ ግድብ ይገኛል። በእነዚህ ከተሞች ትናንት ፋብሪካ፣ ጋራዥ ወይም እርሻ የነበረ ቦታ ዛሬ መጋዘን፣ ሆቴል፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል።

በመሬት ውስጥ የሚቀረው ምንድን ነው?

አንድ ድርጅት ሥራውን ሲያቆም ማሽኖቹ ይነሳሉ፤ ግቢው ይጠረጋል፤ ግድግዳው ቀለም ይቀባል። ወደ አፈር የገባው ኬሚካል ግን አብሮ አይነሳም። የቀረው ነገር ዓይነትም እንደ ቀድሞው ሥራ ይለያያል። በቆዳ ፋብሪካ ቅጥር ውስጥ ለማልፊያ የሚያገለግለው ክሮሚየም በዝቃጭ መልክ ተቀብሮ ሊገኝ ይችላል። በነዳጅ ማደያ ወይም በጋራዥ ቦታ ላይ ከመሬት በታች ካለ ታንከር የፈሰሰ ቤንዚንና ናፍጣ እንዲሁም በየጊዜው የተደፋ የተቃጠለ ዘይት ይኖራል። ባትሪ ሲጠገን ወይም ሲቀልጥ በነበረበት ቦታ እርሳስ፣ በአበባና በሌሎች እርሻዎች መጋዘን አካባቢ ደግሞ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ሊኖር ይችላል። በብዙ ግቢዎች የሚገኘው የጀነሬተር ቤትና አሮጌ ትራንስፎርመርም የራሱ የዘይት ፍሳሽ ታሪክ አለው።

የፀረ ተባይ ጉዳይ በአገራችን ግልጽ ማሳያ አለው። ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባዮች በአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች በሚገኙ መጋዘኖች ለአሥርተ ዓመታት ተከማችተው በመቆየታቸው፣ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነውን ሰብስቦ ወደ ፊንላንድ በመላክ እንዲቃጠል ማድረግ አስፈልጎ ነበር። ከመጋዘኑ በርሜል ማውጣት ይቻላል፤ ከተቀደደ በርሜል ወደ ወለሉና ወደ አፈሩ የዘለቀውን ማውጣት ግን ሌላ ሥራና ሌላ ወጪ ይጠይቃል።

ብክለቱ በአጥር ውስጥም አይወሰንም። የሆለታ፣ የሰበታና የቡራዩ ወንዞች ወደ አዋሽ፣ የሱሉልታ ደግሞ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይፈሳሉ። በአካባቢው ያሉ ብዙ ድርጅቶችና ነዋሪዎች የጉድጓድ ውኃ ስለሚጠቀሙ፣ በአንድ ግቢ የተደፋ ኬሚካል ጎረቤት ቤተሰብ ከሚቀዳው ጉድጓድ ሊደርስ ይችላል። ገዢው አስቀድሞ ሲያጣራ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የሠራተኞቹንና የጎረቤቶቹን ጤና ጭምር ይጠብቃል።

ሁለት የተለያዩ ግምገማዎች

ብዙ ባለሀብቶች «የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ስላለኝ ጉዳዩ አልቋል» ብለው ያስባሉ። ይህ መታረም ያለበት ግንዛቤ ነው። በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ማንኛውም ፕሮጀክት የሚመለከተው የፌዴራል ወይም የክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ ሥራ ሊጀምር አይችልም፤ ፈቃድ ሰጪ አካላትም የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት ይህ መሟላቱን የማረጋገጥ ግዴታ አለባቸው። ይህ ግምገማ በዋናነት ወደፊት ይመለከታል፤ የሚመረምረውም የታሰበው ፕሮጀክት በአካባቢው ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ነው።

የቦታ የአካባቢ ሁኔታ ግምገማ ግን ወደ ኋላ ይመለከታል። የሚጠይቀው ቀደም ሲል የነበሩ ባለይዞታዎች በመሬቱ ላይ ምን እንዳደረሱ ነው። ለአዲስ መጋዘን ወይም ቢሮ የሚሰጥ ፈቃድ ከወለሉ ሥር ያለውን አፈር ንጽሕና የሚያረጋግጥ ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታም የሚነግረው ስፋትን፣ ወሰንንና አገልግሎትን እንጂ የአፈሩን ሁኔታ አይደለም።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ብክለት ያደረሰ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። መርሑ ግልጽ ነው፤ የበከለ ይከፍላል።

ተግባራዊ ችግሩ የሚፈጠረው ማን እንደበከለ በማስረዳት ላይ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገዢው የሚያገኘው ሕንፃውንና ቀሪውን የሊዝ መብት ነው። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ከተሞች ለንግድ እስከ 70 ዓመት የሚደርስ የሊዝ ዘመን ፈቅዷል። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ የቀድሞው ድርጅት ሊፈርስ፣ ባለቤቱም አድራሻውን ሊለውጥ ይችላል። ከዓመታት በኋላ የጎረቤት ጉድጓድ ተበክሎ ቢገኝ በቦታው ላይ የሚገኘው አዲሱ ባለይዞታ ነው። በርክክቡ ዕለት አፈሩ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለው፣ ጉዳቱ ከእርሱ በፊት የደረሰ መሆኑን ማስረዳት ይቸገራል። በመሆኑም ቅድመ ግዢ ግምገማ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መነሻ ማስረጃ በመሆኑ ነው።

በባንክ ሐራጅ የሚሸጡ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በሐራጅ የሚቀርብ ንብረት አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ሁኔታ የሚሸጥ ሲሆን ለጉብኝት የሚሰጠውም ጊዜ አጭር ነው። ተጫራቹ የጉብኝቱን ቀን ሕንፃውን ለመለካት ብቻ ሳይሆን ግቢውን ለመመርመርም ሊጠቀምበት ይገባል።

ከሌሎች አገሮችና ከራሳችን ልምድ

በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ናያጋራ ፎልስ ከተማ ውስጥ ላቭ ካናል በተባለ ቦታ አንድ የኬሚካል ኩባንያ ወደ 21 ሺህ ቶን የሚጠጋ ቆሻሻ ከቀበረ በኋላ መሬቱን እ.ኤ.አ. በ1953 ለከተማው የትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር አስተላለፈ። በቦታው ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 ኬሚካሉ ወደ ቤቶቹ ምድር ቤት በመዝለቁ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ነዋሪዎች እንዲነሱ ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ አገሪቱ የተበከሉ ቦታዎችን የማጽዳት ኃላፊነት የሚወስን ሕግ አወጣች። ዛሬ በዚያ አገር ገዢው ከግዢው በፊት ተገቢውን ምርመራ ማድረጉን ካስረዳና ሌሎች ግዴታዎችን ካሟላ ሕጉ ከቀድሞ ብክለት ተጠያቂነት ይጠብቀዋል።

በአገራችንም የተሸፈነ መሬት ያለፈ ታሪኩን ይዞ እንደሚቆይ ታይቷል። ከሃምሳ ዓመታት በላይ ቆሻሻ ሲደፋበት በኖረው የቆሼ ቦታ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የደረሰው መደርመስ ከ110 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ቆሼን እንዲተካ በሰንዳፋ የተገነባው የቆሻሻ ማስወገጃ ደግሞ ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ተቋርጦ፣ ቆሻሻው ተመልሶ ወደ ቆሼ መጓጓዝ ጀምሮ ነበር። የአንድ ቦታ የአካባቢ ጥያቄ አስቀድሞ ካልተመለሰ ቆይቶ በከፍተኛ ዋጋ ይመለሳል።

ግምገማው እንዴት ይከናወናል?

በዓለም አቀፍ አሠራር ግምገማው ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ ናሙና አይወሰድም፤ ሰነድ ይመረመራል፣ ቦታው ይጎበኛል፣ ሰዎች ይጠየቃሉ። ጥርጣሬ ከተገኘ በሁለተኛው ደረጃ የአፈርና የውኃ ናሙና ተወስዶ በቤተ ሙከራ ይመረመራል። ብክለቱ ከተረጋገጠ በሦስተኛው ደረጃ የማጽዳት ዕቅድ ይዘጋጃል። የመጀመሪያው ደረጃ ወጪ ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ወደ ሁለተኛው መሸጋገር ያስፈልግ እንደሆነ ለመወሰን ይበቃል።

ውል ከመፈረሙ በፊት ዜጎች የሚከተሉትን እንዲያከናውኑ ይመከራል፦

1. በከተማው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በሚገኘው የይዞታ ፋይል ቦታው ከዚህ በፊት ለምን አገልግሎት ተሰጥቶ እንደነበር፣ የአገልግሎት ለውጥ ተደርጎበት እንደሆነም ማጣራት።

2. ቀድሞ በቦታው የነበረው ድርጅት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ እንዳለው የክልሉን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መጠየቅ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማ ሰነዶች ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆኑ ይደነግጋል።

3. የቆዩ የአየርና የሳተላይት ፎቶግራፎችን ማየት። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት የአየር ፎቶግራፎች በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይገኛሉ። ዛሬ የተደፈነ ኩሬ ወይም የፈረሰ ማከማቻ በፎቶግራፍ ሊታይ ይችላል።

4. ግቢውን በእግር መመርመር። ሣር የማይበቅልበት ቦታ፣ ቀለሙ የተለወጠ አፈር፣ የነዳጅ ሽታ፣ አሮጌ በርሜል፣ ከመሬት ብቅ ያለ የታንከር ቱቦ፣ የተደፈነ ጉድጓድ ሁሉም ጥያቄ የሚያስነሱ ምልክቶች ናቸው።

5. የቀድሞ ሠራተኞችን፣ የጥበቃ ሠራተኞችንና የዕድሜ ባለጸጋ ጎረቤቶችን ማነጋገር። በፋይል ያልተመዘገበውን ፍሳሽ የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸው።

6. በግቢው የውኃ ጉድጓድ ካለ ከግዢው በፊት ውኃውን ማስመርመር፤ ውጤቱንም ከውሉ ጋር መያዝ።

7. በውሉ ውስጥ የሻጩን መግለጫ ማካተት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ሻጩ ቦታው ለምን ሥራ ይውል እንደነበር እንዲገልጽ፣ የተደበቀ ብክለት ቢገኝ የማጽጃው ወጪ የማን እንደሚሆንም በዚሁ ጽሑፍ እንዲወሰን ማድረግ ይገባል።

ብክለት ያገኘ ወይም የጠረጠረ ማንኛውም ሰው፣ ገዢም ይሁን ጎረቤት፣ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በተሰጠው ውሳኔ ካልረካ በ60 ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል።

ግምገማ ማድረግ ግዢን መተው ማለት አይደለም። መጠነኛ ብክለት የተገኘበት ቦታ በዋጋ ድርድር፣ በማጽዳት ወይም በተስማሚ አገልግሎት ለውጥ ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል። ነዳጅ ማደያ የነበረ ቦታ ለመጋዘን ሊመች ይችላል፤ ለሕፃናት መዋያ ግን ያለ ምርመራ ሊታሰብ አይገባም። ይህን ልዩነት ለመወሰን ትክክለኛው ጊዜ ክፍያው ከመፈጸሙና የስም ዝውውሩ ከመጠናቀቁ በፊት ያለው ነው።