ዘወትር ታኅሣሥ 22

«ቫይረስ» የሚለው ባዕድ ቃል ወደ ሀገራችን ልሳን የገባው በሁለት በር ነው፤ አንዱ የሐኪሞች በር ሲሆን፣ ሁለተኛውና እኔ ቃሉን አስቀድሜ የሰማሁበት በር የኮምፒዩተር ነው። በ1984 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ከጽሕፈት መኪና በቀር ሌላ መሣሪያ የማያውቁ ጣቶቼን ይዤ ከጂንካ ወደ አዲስ አበባ ለአጭር ሥልጠና ተልኬ ሳለሁ፣ አንድ ማለዳ ከክፍላችን በር ላይ በእጅ የተጻፈች ማስታወቂያ ተለጥፋ አገኘን፤ ቃሏም «ዓርብ የካቲት 27 ቀን ኮምፒዩተር መክፈት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ነበር። ዐቢይ ጾም በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ያውም በወርኃዊው የመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ ማሽን እንኳ እንዲጾም መታዘዙ ከመካከላችን አንዳንዱን አሥቆት ነበር፤ አስተማሪያችን ግን አልሣቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአውስትራልያ «ሚኬላንጄሎ» የተባለ ቫይረስ ተገኝቶ ነበር። ይህ ደዌ በዲስኬት መጀመሪያ ክፍል ተሸሽጎ ይቆይና፣ ሰው ዲስኬቱን ከማሽኑ አፍ ሳያወጣ ረስቶ ኮምፒዩተሩን ያስነሣ እንደ ሆነ ወደ ውስጠኛው ዲስክ ተሻግሮ ይቀመጣል፤ ከዚያም በኋላ ወደዚያ ማሽን የሚገባውን ዲስኬት ሁሉ እየለከፈ፣ ለባለቤቱ ግን አንዳች ምልክት ሳያሳይ፣ ዓመቱን ሙሉ በዝምታ ያደፍጣል። ፈረንጆች ማርች 6 በሚሉት ቀን ማሽኑ የተከፈተ እንደ ሆነ ግን የዲስኩን መጀመሪያ ፍሬ በሌለው ነገር ይደልዘዋል፤ መጽሐፉ ሳይቃጠል ማውጫው እንደ ተቀደደ ያህል ይሆናል ማለት ነው። በቫይረሱ ውስጥ የሠዓሊው ስም አልተጻፈም፤ ቀኑ እንደ እነርሱ አቈጣጠር በ1475 ዓ.ም. ከተወለደው ከታላቁ ሠዓሊ ልደት ጋር መግጠሙን አይተው ስሙን የለጠፉበት መርማሪዎቹ ናቸው። የሊቀ መላእክቱን የሚካኤልንና የመልአክን ስም በአንድነት የተሸከመ መጠሪያ ለአጥፊ መሰጠቱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ነገር ግን ይህ የእኔ ጣጣ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በውጭ ሀገር ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ዘንድ የነበረው ግርግር ይናገራል። የፀረ ቫይረስ ነጋዴው ጆን ማካፊ ሊጠቁ የሚችሉት ኮምፒዩተሮች እስከ 5 ሚሊዮን ሊደርሱ እንደሚችሉ ተናገረ ተባለ፤ ዜናውም ከአንዱ ጋዜጣ ወደ ሌላው በተላለፈ ቍጥር «እስከ» የምትለዋ ትንሽ ቃል እየሳሳች ሄዳ በመጨረሻ ጠፋች። ዕለቱ ደርሶ ሲያልፍ የተጐዱት በ10 ሺህና በ20 ሺህ መካከል እንደሚገመቱ ተነገረ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በዚያው ዓመት፣ በኦክቶበር ወር፣ የማካፊ ኩባንያ አክሲዮኑን ለሕዝብ ገበያ አቀረበ። ነቢይነትና ነጋዴነት በአንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ ትንቢቱ ባይፈጸምም ንግዱ እንደሚፈጸም ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር። ደግሞም ለነገሩ ሐቅ መመስከር ይገባል፤ ብዙዎች በጩኸቱ ምክንያት ማሽናቸውን አስመርምረው ቫይረሱን አስቀድመው አስወጥተውታልና፣ ከጠፋው ማነስ ተነሥቶ ጩኸቱ ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። የእኛ ክፍል በበኩሉ ዓርብን ተዘግቶ ውሎ ሰኞ ተከፈተ፤ ከማሽኖቹም አንዱ ስንኳ አልተነካም።

እኔ በዚህ ነገር ላይ ሳስብ የቆየሁት ስለ ቫይረሱ አይደለም፤ ስለ ቀኑ ነው። ያን ሁሉ ሰው ያስፈራው ደዌው ሳይሆን ደዌው ቀጠሮ ያለው መሆኑ ነበር፤ ጋዜጠኛም ቀጠሮ የሌለውን ጥፋት ለመጻፍ ይቸግረዋል፣ ቀን የተቈረጠለትን ግን «ሰባት ቀን ቀረው፣ ሦስት ቀን ቀረው» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ይመገበዋል። ሚኬላንጄሎ የመጣበትን ዓመት ፈረንጆች 1992 ይሉታል፤ እኛ 1992 ስንል ደግሞ ሌላ የቀጠሮ ፍርሃት መጣ፤ ይኸውም ማሽኖች ዓመትን በሁለት አኃዝ ብቻ ስለሚጽፉ፣ የፈረንጆች 2000 ሲገባ 00ን 1900 ነው ብለው ዓለሙን ያተራምሱታል የተባለው ነው። ይህ ጕድለት እንጂ ቫይረስ አልነበረም፤ በጂንካ ግን ሁላችንም «የሁለት ሺው ቫይረስ» እንለው ነበር።

በዚያ ወራት ስለዚህ ነገር ለአንድ ባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ መሪጌታ ባጫውታቸው፣ ጥቂት አሰብ አድርገው «5500 ዓመተ ፍዳ፣ 1992 ዓመተ ምሕረት፤ በድምሩ 7492። ስምንተኛው ሺህ ከገባ 492ኛ ዓመቱን ይዟል፤ ልጄ፣ ማሽናችሁ ገና አሁን ነው የሰማው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቈይተውም ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ መሆኑን አስታወሱኝና፣ ራእይ የሚወድ ሰው ካለ ከዚህም ሊጀምር ይችላል ብለው ሣቁ።

ያን ጊዜ እሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ስሙ ይቆይና፣ ሁለት ኮምፒዩተሮች ነበሩት። አለቃችን በማሽኖቹ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ሁሉ የፈረንጆች 2000 የሚገባበት ታኅሣሥ 22 ሳይደርስ በወረቀት እንዲታተም አዘዙ፤ ፕሪንተሩም ቀንና ሌሊት እንደ ጕንዳን ሰልፍ ሲንጫጫ ሰንብቶ፣ ወረቀቱ ከደመወዝ መዝገቡ እኩሌታ ላይ አለቀ። ዓርብ ማታ ገመዶቹ ሁሉ ተነቀሉ፤ ማሽኖቹም ማዳበሪያ ከረጢት ተደርቦባቸው ክፍሉ ተቈለፈ፤ ዘበኛው ሁለት ሌሊት በሩን ሳይለቅ እንዲጠብቅ ታዘዘ። እኔ ወደ ቤቴ ልሄድ ስል ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ሌባው በየት በኩል ነው የሚመጣው?» አለኝ።

«በሰዓቱ በኩል» አልሁት። ሌሊቱን ሙሉ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ በኪሱ ይዞ እንዳደረ በማግሥቱ ሰማሁ።

ሰኞ ታኅሣሥ 24 ቀን በአለቃችን ፊት ማሽኑን ከፈትነው። ጽሑፎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ፤ ቀኑን ስናይ ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ይላል። አለቃችን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሌላው ዓለም አንድም ነገር ሳይሆን ማለፉን በሬዲዮ ሰምተን ነበርና፣ ከምድር ሁሉ ተመርጦ መቅሠፍቱ የወረደው በጂንካ ላይ ነው የሚል ወሬ ከቀትር በፊት ገበያ ደረሰ። ወደ አርባ ምንጭ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ። ክዳኑን ፈትቶ ከማሽኑ ሆድ ሳንቲም የምታህል ባትሪ በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣና፣ «ጋሼ፣ ይህች የሞተችው ዘንድሮ አይደለም» አለኝ። የፋይሎቹን ዝርዝር ሲያሳየኝ፣ ዓመታት የፈጀንባቸው መዝገቦች ሁሉ በአንድ ቀን፣ በዚያው በ1980 ጃንዋሪ 1 ቀን፣ እንደ ተጻፉ ሆነው ተሰልፈዋል። የሰዓቱን ሒሳብ የምትጠብቀው ያች ባትሪ ስትሞት ማሽኑ መብራት በጠፋ ቍጥር ዘመኑን ይረሳና፣ ሲነቃ ከፋብሪካ ከተሰጠው የመጀመሪያ ቀን ይጀምራል። በየማለዳው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጽፎ ኤፍ 1ን እንድንጫን ይጠይቀን ነበር፤ ያ የጕዳት ማስጠንቀቂያ ኖሯል፤ እኛ ግን እንደ ሰላምታ ቈጥረን፣ ተጭነን ወደ ሥራችን እንሄድ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ሳሰላው፣ ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ሆነ፤ የቅዱስ ደቅስዮስ በዓል። ዓለም ሁሉ የታኅሣሥ 22ን መምጣት ሲፈራ የእኛ ማሽን በየቀኑ ታኅሣሥ 22 ላይ ይነቃ ነበር ማለት ነው። ሚኬላንጄሎ ራሱ አድሮበት ቢሆን ኖሮ፣ መብራት የሚሰጠን ጀኔሬተር በየምሽቱ እስከ ጠፋ ድረስ፣ ማርች 6ን እንደ ጠበቀ ባረጀ ነበር።

በደቡብ ኦሞ እንዲህ ያለ የዘመን ልዩነት የሚያስደንቅ አይደለም። ሐመሮች ወጣቱ ለከብት ዝላይ ሲዘጋጅ ለዘመድ አዝማዱ የተቋጠረ ልጥ ይልኩለታል፤ ተጋባዡም በየቀኑ አንድ ቋጠሮ እየፈታ፣ ቋጠሮው ሲያልቅ ከቦታው ይገኛል። ስለ ሙርሲዎች ደግሞ ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ እንደ ፈረንጆች በ1978 ዓ.ም. ያሳተሙት ድንቅ ጥናት አለ፤ ሙርሲዎች ወራትን በጨረቃ ይቈጥራሉ፣ ነገር ግን ዐሥራ ሁለት ጨረቃ ዓመቱን ስለማይሞላ አሁን ስንተኛው ወር ነው ቢባሉ አንዱ አምስተኛው፣ ሌላው ስድስተኛው ይላል፤ ክርክሩንም ኋላ የኦሞ ሙላትና የከዋክብት መጥለቅ ይፈርዱታል። ጥናቱ እንደሚለው ያ አለመስማማት ስሕተት አይደለም፤ አቈጣጠሩ ከፀሐይ ጋር ሳይለያይ የሚኖረው በእርሱ ነው። ሚኬላንጄሎን የጻፈው ሰው ሙርሲ ቢሆን ኖሮ መቼ እንደሚያጠፋ ገና እየተከራከረ በኖረ ነበር።

በዚያው በ1992 ዓ.ም. ሚያዝያ 26 ቀን፣ ከማኒላ የተነሣው «እወድሃለሁ» የሚል ርእስ ያለው ደብዳቤ የዓለምን ኮምፒዩተሮች ሲያጥለቀልቅ፣ መሥሪያ ቤታችን ኢንተርኔት አልነበረውምና የሚወደን አልተገኘም። ለእኛ የመጣው ኋላ በፍላሽ ነው። ፋይሉን ሰውሮ በምትኩ አቋራጭ ምልክት ብቻ የሚተው፣ ከፎቶ ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ በኪስ የሚጓዘው ያ ቫይረስ ስንት የፈተና ወረቀት፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እንደ በላ ስንኳን ጋዜጣ፣ ባለቤቶቹም አልመዘገቡትም። ቀን አልነበረውም፤ ስሙንም የጠየቀ የለም፤ «ፍላሼን ቫይረስ በላው» ተብሎ ፎርማት ተደርጎ ያልፋል።

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴር በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መከሠቱን ባረጋገጠ ጊዜ፣ ቃሉ ወደ ሐኪሞቹ በር ተመለሰ። ያለ ቀጠሮ ነበር የመጣው። ሠላሳ ዓመት ያህል በማሽን ላይ ስንቀልድበት የኖርነውን ቃል ሰው እጁን እየታጠበ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገረው ሰማሁ።

ከሳምንት በኋላ ኅዳር 12 ሆነ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ እንደሚደረገው፣ ጕድፍ ለማቃጠል ጓዳ ስናጸዳ፣ ባለቤቴ ከአልጋ ሥር አንድ የጫማ ሣጥን ስባ አወጣች። ዐሥራ አንድ ዲስኬቶች ናቸው፤ ወረቀት ስላለቀ ያልታተመው የመዝገብ እኩሌታ በእነርሱ ላይ አለ፤ የሚያነባቸው ማሽን ግን ከእኔ ዘንድ የለም።

«ይህስ ይቃጠል?» አለችኝ።

የፕላስቲክ ጢስ ለሳንባ አይበጅም ብዬ ሣጥኑን ወደ ቦታው መለስሁት።