ኤሲው ያቀዘቅዛል እንጂ አያጠራም

«ክፍሉ ኤሲ አለው፤ ጋዝ ቢኖር ደግሞ ይሸተን ነበር።» የቀዶ ሕክምና ክፍል ሠራተኞች ስለ ማደንዘዣ ጋዝ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ ይህ ነው። ጂቡቲ ላይ እምነቱ ሥር ቢሰድ አይገርምም። የሙቀቱ ወቅት ገብቶ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ መንፈስ ሲጀምር፣ የካርቲየ 1 ሰፈር የቤት ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ሲግል፣ ኤሲ ያለው ክፍል ሁሉ የጤና ቦታ ይመስላል። ከዚያ ሰፈር ተነስታ ቀዶ ሕክምና ክፍል የምትገባ ነርስ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ቀዝቃዛው አየር ፊቷን ሲነካት ንጹሕ አየር ያገኘች ይመስላታል። ያገኘችው ግን ቅዝቃዜ ብቻ ነው።

መጀመሪያ አፍንጫን እንመልከት። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በ1977፣ ጂቡቲ ነፃ በወጣችበት ዓመት፣ ሃሎቴን የተባለው የማደንዘዣ ጋዝና መሰሎቹ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ ከሚሊዮን 2 እጅ (2 ፒፒኤም) እንዳያልፉ መከረ። ፈረንሳይም በ1985 ባወጣችው ሰርኩለር ለእነዚህ ጋዞች ያንኑ 2 ፒፒኤም፣ ለሌላው የማደንዘዣ ጋዝ ለናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ 25 ፒፒኤም አስቀመጠች። ያው የአሜሪካ ተቋም እንደሚለው፣ ከሰዎች ግማሹ ሃሎቴንን በማሽተት መለየት የማይችሉት መጠኑ የገደቡን 125 እጥፍ እስኪደርስ ድረስ ነው። «አይሸትም» የሚል ሰው እንግዲህ ስለ አየሩ ምንም አልነገረንም። ሽታው የመጣላት ነርስ ደግሞ ከገደቡ ካለፈች ቆይታለች።

ኤሲውን በቁጥር እንፈትነው። ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ሲባዛ 100 ሜትር ኩብ የሚሆን ክፍል ያዙ። በሽተኛው በደቂቃ 6 ሊትር አየር ከ1 ፐርሰንት ሃሎቴን ጋር ይወስዳል እንበል፤ ለቀዶ ሕክምና የተለመደ መጠን ነው። ይህ በደቂቃ 60 ሚሊ ሊትር፣ በሰዓት 3.6 ሊትር የሃሎቴን ትነት ይሆናል። የሚተነፍሰውን አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ከሌለ ትነቱ እዚያው ክፍል ይቀራል። 3.6 ሊትር በ100,000 ሊትር አየር ሲከፈል 36 ፒፒኤም ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የገደቡ 18 እጥፍ ማለት ነው፤ አፍንጫ ግን ገና ምንም አይልም። በሽተኛው የተወሰነውን በሰውነቱ ያስቀራል፣ በር ሲከፈት የተወሰነው ይወጣል የሚል ካለ፣ ግማሹን እንቀንስለት። የገደቡ 9 እጥፍ ይቀራል።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ኤሲ በዚህ ሁሉ ምን ሠራ? ያንኑ አየር ከክፍሉ ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ መልሶ ክፍሉ ውስጥ ነፋው። ማጣሪያው አቧራ ይይዛል፤ ጋዝ አይዝም። ይባስ ብሎ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ መስኮቱ ይዘጋል፣ በሩ ይገጠማል። ደጋ ላይ ያለ የኢትዮጵያ ሆስፒታል መስኮት ቢከፍት ቢያንስ ነፋስ ያግዘዋል፤ ጂቡቲ ላይ ሙቀቱ ራሱ ክፍሉን ያሽገዋል። ደረጃውን የጠበቀ የአየር ማስተላለፊያ ተገጥሞ በሰዓት 4 ጊዜ አዲስ የውጭ አየር ቢገባ እንኳ ያው ስሌት 9 ፒፒኤም ላይ ያደርሰናል። ትንፋሹን ከምንጩ ይዞ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጋዙ በአማካይ ብቻ አይደለም የሚያገኛቸው። ሕፃን በማስክ ሲያስተኙ ልጁ ይወራጫል፣ ማስኩ ከፊቱ ይነሳል፤ የሰመመን ባለሙያው ፊት ያለው እዚያው በላዩ ነው። ፈሳሹን ማደንዘዣ ወደ ትነት የሚለውጠው ቬፖራይዘር ሲሞላ ጠብ የሚለው ፈሳሽ ይተናል። ከሁሉ የተረሳው ሪከቨሪ ክፍል ነው። በሽተኛው ከቀዶ ሕክምና ሲወጣ በሰውነቱ የቀረውን ጋዝ በትንፋሹ እያወጣ ይቆያል፤ ነርሷ ስሙን ለመጥራት፣ ምላሱን ለማየት ጎንበስ ስትል የምትስበው ያንን ነው። እሷን ማንም ለጋዝ የተጋለጠች አድርጎ አይቆጥራትም።

«ጉዳቱ አልተረጋገጠም» የሚሉ አሉ። እርግጥ ቫይስማን በ1967 በሶቪየት ኅብረት በሴት የሰመመን ሐኪሞች ላይ ያደረገው ጥናት፣ ከ31 እርግዝና 18ቱ ወረዱ ያለው፣ በአሠራሩ ብዙ ተተችቷል። በ1992 የታተመው የሮላንድና የባልደረቦቹ ጥናት ግን ጋዙን የሚያስወግድ መሣሪያ በሌለበት በሳምንት 5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለናይትረስ ኦክሳይድ የተጋለጡ የጥርስ ሐኪም ረዳቶች የመፀነስ ዕድላቸው በግልጽ ቀንሶ አግኝቷል። ይህ ጋዝ ቫይታሚን ቢ12ን ከሥራ ውጭ እንደሚያደርግ ደግሞ አከራካሪ አይደለም። ማስረጃው እስኪሟላ በሠራተኛ ማህፀን ላይ መጠበቅ ሳይንስ አይባልም።

«ለድሃ አገር ቅንጦት ነው» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ከመተንፈሻው ቫልቭ ተነስቶ በግድግዳ ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ ርካሽ ነው። የማሽኑን መጋጠሚያዎች ጠዋት ጠዋት በሳሙና ውኃ መፈተሽም ገንዘብ አይጠይቅም፤ አረፋ ካለ ጋዝ ያፈሳል። የከሰል ማጣሪያ ሃሎቴንን ይይዛል፤ መሙላቱም በክብደቱ ይታወቃል። ናይትረስ ኦክሳይድን ግን አይዝምና በእሱ መመካት አይገባም። ለመለካትም ሠራተኛው አንገትጌው ላይ የሚሰካው ትንሽ ባጅ አለ፤ ፈረቃው ሲያልቅ ላቦራቶሪ ይላካል፣ የተነፈሰውን መጠን በቁጥር ይናገራል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መሣሪያ የሚያየው የግድግዳውን አየር ነው፤ የሚያስፈልገን በአፍንጫ አጠገብ ያለው ነው።

ስለዚህ ያልተለካ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ጂቡቲ ይሁን አዲስ አበባ፣ ተለክቶ ንጹሕነቱ እስኪታይ ድረስ የተበከለ ተብሎ ይያዝ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛም እስከዚያው እዚያ አትመደብ። እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ነገ ጠዋት አለቃችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቱቦው የት ነው የሚወጣው? መጨረሻ የተለካውስ መቼ ነው?