ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ በወፍጮ ቤትም ጭምር



በገበያ ቀን ጧት ቢቸና ወይም ሞጣ የገባ ሰው ገና ከዳር ሲደርስ የሚሰማው የወፍጮን ድምፅ ነው። ከእነማይ ጥቁር መሬት የታፈሰው ጤፍ፣ ከሁለት እጁ እነሴ መንደሮች የመጣው ስንዴና በቆሎ በአህያ ተጭኖ፣ አለዚያም በእናቶች ጀርባ ታዝሎ ወደ ወፍጮ ቤት ይጎርፋል። በዶሮ ጩኸት ተነሥቶ፣ መጅ ይዞ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ ሌሊቱን መፍጨት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የሞተርን ወፍጮ አይነቅፍም። የእናቶቻችንን ወገብ ያሳረፈ መሣሪያ ነውና። የዛሬው ጽሑፋችንም ወፍጮውን ለመንቀፍ የተዘጋጀ አይደለም። ወፍጮ ቤት ለአስፈጪዋ የአንድ ሰዓት ማረፊያ ቢሆንም፣ እዚያ ለሚውሉት ወንዶችና ሴቶች ግን የሥራ ቦታ መሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው።

ብዙዎቻችን ስለ ሥራ ደኅንነት ሲነገር አሳባችን የሚሄደው ወደ አዲስ አበባና ወደ ታላላቅ ፋብሪካዎች ነው። «እኛ ዘንድ ያለው አንድ ሞተርና ሁለት ሠራተኛ ነው፤ ምን ሥልጠና ያስፈልገዋል?» የሚሉ ባለቤቶች ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን እጅን የሚቆርጠው የፋብሪካው ትልቅነት ሳይሆን ያልተከለለው ቺንጋና ያልተነገረው ቃል ነው።

እስቲ ከገጠር ወደ ከተማ የመጣች የ18 ዓመት ልጅ በዓይነ ኅሊናችሁ አስቡ። አክስቷ ዘንድ አርፋ ሥራ ስትፈልግ ትከርማለች። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወፍጮ ቤት ጠራጊና ጆንያ ያዥ እንደሚፈልግ ይነገራትና አክስቷ ይዛት ትሄዳለች። በደመወዙ ይስማማሉ። በማግሥቱ ጧት መጥረጊያ ይሰጣትና «በይ እታለም፤ ከታች ከታች እየጠረግሽ የተበተነውን ሰብስቢ» ትባላለች። የተሰጣት ትምህርት ይኸው ብቻ ነው። ነጠላዋን እንዴት እንደምታደርግ፣ ከቺንጋው ምን ያህል መራቅ እንዳለባት፣ ሞተሩ በየት በኩል እንደሚጠፋ የሚነግራት የለም። በሦስተኛው ቀን ከቺንጋው ሥር የፈሰሰ ጤፍ ለመሰብሰብ ጎንበስ ስትል የነጠላዋ ጫፍ ይያዛል። መዘውሩም ነጠላውን ከነክንዷ ይስበዋል። ፈጪው ሮጦ ሞተሩን በማጥፋቱ ነፍሷ ትተርፋለች፤ ቀኝ እጇ ግን ከዚያ ወዲያ ሊጥ አያቦካም፣ ልጅም አያቅፍም።

ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም። «ኧረ ይኼ እኮ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው! ወደሚሽከረከር ነገር ማን ይጠጋል?» ይላል። አክስቲቱ ግን «አያ፣ የሚያውቅስ ያውቃል፤ እርሷ ከማጭድና ከድስት በቀር ምን አይታ ታውቃለች?» ብትለው መልስ አያገኝም። እንዲህ ያለው አደጋ እንዲደርስ የተለየ ክፉ ዕድል አያስፈልገውም። ነጠላና መከለያ የሌለው ቺንጋ መገናኘታቸው ብቻ ይበቃል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል። ሠራተኛው ከሥራው ጋር ስላለው አደጋና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ በሚገባ እንዲነገረውና እንዲማር ማድረግ፣ የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ መስጠት፣ ስለ አጠቃቀሙም ማስተማር፣ የደረሰን አደጋ መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት ማስታወቅ የአሠሪው ግዴታዎች ናቸው። ይህ ግዴታ በሠራተኛ ብዛት የሚቀር አይደለም፤ አንዲት ጠራጊ የቀጠረ ወፍጮ ቤትም አሠሪ ነው። «ውል አልተፈራረምንም» የሚለው ምክንያትም አያዋጣም። የቃል ውል ውል ነውና፤ እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ቃል በጽሑፍ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት እንዳለበት አዋጁ ያዛል።

ይህ የእኛ አገር ሕግ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት ያወጣውን ስምምነት ቁጥር 155 ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። በዚህ ስምምነት መሠረት ለደኅንነት የሚደረገው ወጪ በሠራተኛው ላይ ሊወድቅ አይገባም። ስለዚህ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ገዝቶ ዋጋውን ከልጅቷ ደመወዝ መቁረጥ ትክክል አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው ልብ ወደማይለው ነጥብ እንምጣ። በአዋጁ አንቀጽ 96 መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሕክምናው ወጪ የእርሱ ነው። ሠራተኛዋ ለጊዜው መሥራት ካልቻለች የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዟን፣ ቀጥሎ ባሉት 3 ወራት ከደመወዟ ከመቶ 75 የማያንሰውን፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ከመቶ 50 የማያንሰውን ይከፍላል። ነገር ግን ሠራተኛዋ በግልጽ የተሰጣትን የደኅንነት መመሪያ ተላልፋ ከተጎዳች፣ ወይም ራሷን መቆጣጠር እስኪያቅታት ሰክራ ወደ ሥራ ከገባች፣ ጉዳቱን ሆነ ብላ እንዳደረሰችው ተቆጥሮ አሠሪው ኃላፊ ሳይሆን ይቀራል።

እንግዲህ ይህን አንቀጽ ከሁለቱም ወገን ሆናችሁ እዩት። ያላስተማረ ባለቤት «ነግሬያት ነበር» ሊል አይችልም፤ ዕዳው በሙሉ የእርሱ ነው። ተምራ ያልጠበቀች ሠራተኛ ደግሞ ከእጇ ጋር ካሣዋንም ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ለባለቤቱም ለሠራተኛዋም ዋስትና ነው። ምን ቀን፣ ምን እንደተማረች በአንድ ደብተር ላይ ጽፎ ሁለቱም ቢፈርሙበት ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ብቻ ነው።

ታዲያ በወፍጮ ቤት የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ምን ምን መያዝ አለበት?

አንደኛ፣ ስለ ልብስ ነው። ነጠላ፣ ጫፉ የሚንጠለጠል መቀነት፣ የተፈታ ሻሽና ረዥም ጸጉር ከቺንጋ አጠገብ መቅረብ የለባቸውም። እዚህ ላይ ባለቤቶች አንድ ነገር ሊረዱ ይገባል። አገራችን ያደገች ልጅ በወንዶች ፊት ነጠላዋን ጣል ማድረግ ነውር ይመስላታል። «ነጠላሽን አውልቂ» ብሎ መቆጣት ብቻውን አይበቃም፤ በምትኩ ሰውነቷን የሚሸፍን፣ እጅጌው ጠበብ ያለ ጋዋን ወይም ቱታ ሊሰጣት ያስፈልጋል። ይህንም መስጠት ችሮታ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተር ስለ ማጥፋት ነው። ማጥፊያው የት እንዳለ በጣት ማሳየት አይበቃም፤ ልጅቷ ራሷ በእጇ ደጋግማ እንድታጠፋው መደረግ አለበት። ሞተሩ እየሠራ ከቺንጋው ሥር መጥረግ፣ የወለቀ ቺንጋ መመለስ፣ የታፈነ እህል በእጅ መጎርጎር ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን ማወቅ አለባት። ቺንጋውና መዘውሩም በብረት ወይም በጠንካራ ሽቦ መከለያ ሊከለሉ ይገባል። የቃል ትምህርት የመከለያ ምትክ አይሆንምና።

ሦስተኛ፣ ስለ ዱቄት ብናኝ ነው። ቀኑን ሙሉ የዱቄት ብናኝ የሚተነፍስ ሰው ሳል፣ የዓይን ማሳከክና አስም ሊይዘው ይችላል። መስኮት መክፈት፣ አፍንና አፍንጫን መሸፈን፣ ብናኙን በደረቁ እያቦነኑ አለመጥረግ ይጠቅማል። በተዘጋ ቤት አየር ላይ የሞላ ዱቄት እሳት ካገኘ እንደ ባሩድ ሊፈነዳ እንደሚችልም መታወቅ አለበት። በ1870 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1878) በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ አንድ ታላቅ የዱቄት ፋብሪካ በዚሁ ምክንያት ፈንድቶ 18 ሠራተኞች ሞተዋል። የእኛ ወፍጮ ቤቶች ትናንሽ ቢሆኑም ሲጋራና ኩራዝ በውስጣቸው ቦታ ሊኖራቸው አይገባም። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ከሆነም ጢሱ በቧንቧ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

አራተኛ፣ ስለ ድምፅ ነው። በአንድ ክንድ ርቀት ላለ ሰው ለመናገር መጮኽ የሚያስፈልግ ከሆነ ያ ድምፅ ጆሮን ይጎዳል። የጆሮ ጉዳት በአንድ ቀን አይታወቅም። ሠራተኛው ከዓመታት በኋላ ቤተሰቡ ሲጠራው የማይሰማ ሲሆን ግን መድኃኒት አይገኝለትም። ስለዚህ የጆሮ መሸፈኛና በየመካከሉ ከድምፁ ወጣ ብሎ ማረፍ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ስለ ድንጋይ መውቀር ነው። የወፍጮው ድንጋይ ሲወቀር የሚፈነጠረው ስባሪ ዓይን ያጠፋል፤ የሚቦነው የድንጋይ ብናኝም ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ወቃሪው የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳያደርግ፣ ድንጋዩንም በውሃ ሳያርስ ሥራውን መጀመር የለበትም። ሌሎች ሠራተኞችና ሕፃናትም በአጠገቡ መቆም የለባቸውም።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ መልካም ነው፤ ማንበብ ለማትችል ልጅ ግን ወረቀቱ ጌጥ ብቻ ነው። በሥራው ላይ እያሳዩ ማስተማር፣ ወለሉ ላይ በቀይ ቀለም መሥመር አስምሮ «ሞተሩ ሲዞር ከዚህ አይታለፍም» ማለት ይሻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጅቷ የተማረችውን መልሳ እንድትናገር ማድረግ ነው። መልሳ መናገር ካልቻለች ገና አልተማረችም ማለት ነው።

የሠራተኞችም ግዴታ አለ። አንቀጽ 93 ሠራተኛው የተሰጠውን መከላከያ በሚገባ እንዲጠቀም፣ የደኅንነት መመሪያ እንዲያከብር፣ የመሣሪያ ብልሽት ወይም አደጋ ሊያስከትል የሚችል ነገር ሲያይ ለአሠሪው ወዲያውኑ እንዲናገር ያዛል። ለሥራ እንዲመች ብሎ መከለያውን መንቀልም የተከለከለ ነው። እህቶቻችን ሆይ፣ «አዲስ ገቢ ነኝ፤ ብጠይቅ ሰነፍ እባላለሁ» ብላችሁ አትፈሩ። የማታውቁትን መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። አደጋው እንዳለ ተነግሮት ዝም የሚል አሠሪ ካጋጠማችሁም ጉዳዩን የሠራተኛ ጉዳይ ለሚከታተለው የአካባቢያችሁ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።

ወላጆችና ዘመዶችም ልጅን ሥራ ስታስቀጥሩ ከደመወዙ ጋር ሌላ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ሥራውን ማን ያሳያታል? ምን ልብስ ይሰጣታል?» በሉ። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር በሕግ የተከለከለ መሆኑን፣ ነፍሰ ጡር ሴትም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ልትሠራ እንደማይገባ አትዘንጉ።

እህል ልታስፈጩ የምትሄዱ እናቶችም ብትሆኑ ሠራተኛ ባትሆኑም ቺንጋው እናንተን ለይቶ አያውቅም። ነጠላችሁን አጥብቃችሁ ታጠቁ፤ ሕፃን አዝላችሁ ወደ ሞተሩ አትጠጉ፤ ተራችሁን ከውጭ ሆናችሁ ጠብቁ። ባለ ወፍጮዎችም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማሽን ባለቤትን ማሽኑ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚያደርገው አስታውሳችሁ ለአስፈጪዎች ከሞተሩ የራቀ መቀመጫ አዘጋጁ።

ስለ ወፍጮ ቤት የተናገርነው ለዳቦ ቤቱ፣ ለብየዳ ቤቱ፣ ለእንጨት ሥራውና ለሆቴሉ ወጥ ቤትም የሚሆን ነው። በየቦታው አደጋው ይለያያል፤ ትምህርቱ ከሥራው መቅደም ያለበት መሆኑ ግን አይለያይም።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ለዚያች ልጅ ከመጥረጊያው በፊት ሊሰጣት ይገባ የነበረው የግማሽ ሰዓት ትምህርት ነበር። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ወፍጮ ቤት ስትሄዱ እስቲ ጠራጊዋን ልጅ «ሞተሩ የሚጠፋው በየት በኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። ካላወቀች ባለቤቱን ጠርታችሁ አብራችሁ አሳዩዋት።